የቀደመውን ዘመን ጠይቁ፦ በቁምስና አዳራሽ ስለሚሰጡ የአገር ታሪክ ንግግሮች



በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት ከወትሮው ጥቂት ለየት ያለ ነው። ስለ ምሥጢራት ወይም ስለ ትእዛዛት አይደለም። የምንኖርባት የወላይታ ምድር ታሪክ ያለ ክፍያ፥ ለሁሉም ክፍት በሆነ ጉባኤ ሲነገር እንዴት ሊነገር እንደሚገባው፥ ቁምስናም በዚህ ሥራ ምን ድርሻ እንዳለው የሚመለከት ነው። በየዓመቱ በመስከረም ወር የጊፋታ በዓል ሲቃረብ ስለ ወላይታ ሕዝብ ታሪክና ባህል ጥናታዊ ጽሑፎች በሶዶ ከተማ ለሕዝብ ይቀርባሉ። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ለዚህ ዓይነቱ ጥናት አመቺ ቦታ ሆኗል። በአዲስ አበባ ደግሞ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የምርምር ውጤቶችን በይፋ ንግግር ለሕዝብ የማሰማት የቆየ ልማድ አለው። ይሁን እንጂ የዱቦ ወይም የአባላ ገበሬ ሥራውን ጥሎ ወደ እነዚህ አዳራሾች አይሄድም። ለእርሱ ቅርቡ አዳራሽ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚሰበሰብበት የቁምስናው አዳራሽ ነው። ስለዚህ ንግግሩ ወደ እርሱ ሊመጣ ይገባል እንላለን።

ጉዳዩ ቀላል መስሎ የሚታየው ከሩቅ ሲመለከቱት ነው። በአንድ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያስቀድሱትን ምእመናን የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ብንቆጥር፥ የአንዱ ቅድመ አያት በ1887 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ጋር ጠመንጃ ይዞ የመጣ፥ የሌላው ቅድመ አያት በዚያው ጦርነት የወደቀ፥ የሦስተኛው ቅድመ አያት በባርነት የተሸጠች፥ የአራተኛው አባት ደግሞ ሸክላ ሠሪ በመሆኑ ብቻ ከጎረቤቱ ማዕድ የተከለከለ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አራቱም ከአንዱ ሥጋ ወደሙ ይቀበላሉ። ስለ አባቶቻቸው ግን በአንድነት ተቀምጠው ተነጋግረው አያውቁም። እያንዳንዱ የሰማውን በቤቱ፥ በምድጃው ዳር ለልጁ ይነግራል። በምድጃ ዳር ብቻ የሚነገር ታሪክ ደግሞ የሚጠይቀው ስለሌለ የሚያርመውም የለም፤ ፍቅርም ቂምም ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደ ወረደ ይቀራል።

መጽሐፍ ቅዱስና ቤተ ክርስቲያን ስለ ታሪክ

ሙሴ ከመሞቱ በፊት ለሕዝቡ በተናገረው መዝሙር፥ የጥንቱን ዘመን እንዲያስቡ፥ አባቶቻቸውንና ሽማግሌዎቻቸውን እንዲጠይቁ ያዛቸዋል (ዘዳ. 32፡7)። ትእዛዙ «ስሙ» ብቻ ሳይሆን «ጠይቁ» መሆኑን ልብ እንበል። ኢያሱም ከዮርዳኖስ ወንዝ ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች አስወጥቶ ያቆመው፥ ልጆች ወደፊት የድንጋዮቹን ትርጉም እንዲጠይቁ ነው (ኢያ. 4፡6)። ታሪክ በእስራኤል ዘንድ ከልጅ ጥያቄ ይጀምር ነበር።

ከዚህ በላይ ሊያስደንቀን የሚገባው ግን መጽሐፍ ቅዱስ የገዛ ሕዝቡን ነውር የማይሸሽግ መሆኑ ነው። መዝሙር 78 ከልጆቻችን አንሰውርም ብሎ ጀምሮ የሚዘረዝረው የአባቶችን ጀግንነት ሳይሆን በአብዛኛው እልከኝነታቸውን ነው። የዳዊት ኃጢአት ከነስሙ፥ ከነሟቹ ስም ተጽፏል፤ ማቴዎስም የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር የኦርዮን ሚስት ሳይጠቅስ አላለፈም (ማቴ. 1፡6)። የነገሥታቶቻቸውን ድል ብቻ በድንጋይ ላይ ያስቀረጹ መንግሥታት በዚያ ዘመን ብዙ ነበሩ። የእግዚአብሔር ሕዝብ መጽሐፍ እንደዚያ አልሆነም።

ቅዱስ ሉቃስ ደግሞ በወንጌሉ መግቢያ ላይ አሠራሩን ይነግረናል፤ ከመጀመሪያው በዐይናቸው ካዩት የተላለፈውን ተቀብሎ፥ ሁሉን በጥንቃቄ መርምሮ፥ በቅደም ተከተል ጻፈ (ሉቃ. 1፡1-4)። ማን አየ? ማን ሰማ? ምን ቀደመ? ምን ተከተለ? የታሪክ ተናጋሪ ሁሉ ሥራ በእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ ይጠቃለላል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1881 የቫቲካንን ቤተ መዛግብት ለተመራማሪዎች ከፈቱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ስለ ታሪክ ጥናት በጻፉት ደብዳቤ ታሪክ ጸሐፊ ሐሰትን ከመናገር እንዲርቅ፥ እውነትን ከመናገርም እንዳይፈራ አሳሰቡ። በዚያ ወቅት ብዙዎች ምሥጢር ይወጣል ብለው ሰግተው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ከእውነት የምትፈራው እንደሌላት አሳዩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም እ.ኤ.አ. በ1992 በሴኔጋል፥ ባሮች ይጫኑባት በነበረችው በጎሬ ደሴት ቆመው ስለ ባሪያ ንግድ ይቅርታ ለመኑ፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 2000 ደግሞ በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ባለፉት ዘመናት ስለ ፈጸሙት በደል ሥርዓተ ንስሐ መሩ። ትዝታ ሲነጻ ዕርቅ እንደሚቻል ማመናቸው ነበር።

ምድራችን የምትናገረው

ንግግሮቹ ከየት ይጀምሩ? ከጦርነቱ መጀመር አይገባም እንላለን። ሰው በመጀመሪያ በጋራ የሚወደውን ነገር ሰምቶ ቢቀመጥ፥ በኋላ የሚያሳምመውንም ለመስማት ይታገሣል። ለምሳሌ ሁላችንም የምናየው የዳሞታ ተራራ አለ። በተራራው ጥግ የሚገኘው የሞቼና ቦራጎ ዋሻ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፈረንሳይ፥ በኋላም በአሜሪካና በጀርመን ተመራማሪዎች ተቆፍሮ፥ ሰዎች ወደ 50,000 ዓመታት ገደማ በሚቆጠር ጊዜ እዚያ ይኖሩ እንደ ነበር የሚያስረዱ የባልጩት መሣሪያዎች ተገኝተውበታል። በዓለም ላይ የጥንት ሰዎችን ኑሮ የሚያጠኑ ሊቃውንት ስሙን ያውቁታል፤ በሶዶ ተወልዶ ያደገ ወጣት ግን ሰምቶት የማያውቅ ይኖራል። ይህ ሊያሳፍረን ይገባል። ለአንድ እሑድ ንግግር ከዚህ የተሻለ መነሻ አናውቅም፤ ማንንም የማያስቀይም፥ ሁሉንም የሚያስደንቅ ነውና።

ቀጥሎ ድንጋዩና አፈሩ ይጠየቅ። በካዎ አማዶ ስም የሚታወቀው የመከላከያ ካብ፥ ከኦሞ ማዶ በዳውሮ ከሚገኘው የሃላላ ካብ ጋር ተነጻጽሮ ሊነገር የሚችል ነው። ሕዝብ በባሩድ ሳይሆን በጉልበትና በድንጋይ አገሩን ይጠብቅ የነበረበትን ዘመን ያስታውሳሉ። ስንት ሰው ደከመ? ሥራው በምን ዓይነት ሕግ ታዘዘ? እነዚህ ኢያሱ የተናገረላቸው ዓይነት ጥያቄዎች ናቸው።

ወደ ነገሥታቱ ስንመጣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የወላይታ ሽማግሌዎች ካዎዎችን በሁለት ሥርወ መንግሥት፥ በወላይታ ማላና በትግሬ ከፍለው ይቆጥራሉ። ከመጀመሪያዎቹም መካከል ሞቶሎሚን ይጠራሉ። ሞቶሎሚ በገድለ ተክለ ሃይማኖት የዳሞት ንጉሥ ሆኖ ተጽፏል፤ በወላይታ ያለው የደብረ መንክራት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም ትውፊትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ይሁንና በገድሉ የተጻፈው ዳሞት እስከ የት ይደርስ እንደ ነበር ታሪክ ጸሐፊዎች የሚስማሙበት አይደለም። ተናጋሪው እዚህ ላይ ምን ያድርግ? ገድል በገድልነቱ፥ ቃል በቃልነቱ፥ ከመሬት ተቆፍሮ የተገኘው ማስረጃም በማስረጃነቱ ይነገር። ሽማግሌው የቆጠሩት ትውልድ ከመጽሐፍ ጋር ስላልገጠመ ውሸት ነው አይባልም፤ ስለ ተወደደም ብቻ እውነት ሆኖ አይጸናም። አድማጩ የሚሰማው ነገር ከየት እንደ መጣ ካወቀ ራሱ ይመዝናል።

የ1887ቱ ጦርነት

በዚህ ትምህርት ረዘም አድርገን የምንቆምበት ቦታ ይህ ነው።

ዐፄ ምኒልክ በወላይታ ላይ ራሳቸው የዘመቱት በ1887 ዓ.ም. መጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ከዚያ በፊት የተላኩ ዘመቻዎች በካዎ ጦና ሠራዊት ተመልሰው ነበር። አገሪቱ በክፉ ቀን፥ በከብት እልቂትና በረሃብ ከተጎዳች ጥቂት ዓመታት ብቻ ስላለፉ፥ የወላይታ ከብትና እህል ለዘማቹ ምን ያህል ይስብ እንደ ነበር መገመት ይቻላል። ጦርነቱ ከባድ ነበር። ካዎ ጦና ቆስለው ተያዙ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ፤ ነጻው የወላይታ መንግሥት በዚህ አበቃ።

ስለዚህ ጦርነት ቢያንስ ሦስት ምስክሮች አሉን። አንደኛው የንጉሠ ነገሥቱ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ነው። እርሱ የጌታውን ክብር ለመመዝገብ የተሾመ በመሆኑ ዘመቻውን ከአሸናፊው ድንኳን ሆኖ ይተርካል። ሁለተኛው ቫንደርሄይም የተባለ ፈረንሳዊ የንግድ ሰው ነው። ከሠራዊቱ ጋር አብሮ ተጉዞ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1896 በፓሪስ አሳትሟል፤ የሬሳውን ብዛት፥ የተነዳውን ከብትና የተማረከውን ሰው፥ የምርኮውንም አከፋፈል ጽፏል። እርሱም ቢሆን የሕዝቡን ቋንቋ የማያውቅ፥ አገሬውን በባዕድ ዐይን የሚመለከት ሰው ነበር። ሦስተኛው የወላይታ ሽማግሌዎች ቃል ነው። ይህ ቃል ከሦስቱ ሁሉ የቀረበ ነው፤ የተቃጠለውን ቤት፥ የጠፋችውን እኅት በስሟ ያውቃል። ነገር ግን ከአፍ ወደ አፍ አራትና አምስት ትውልድ ተሻግሯል።

ሦስቱም በአንድ ንግግር ላይ ጎን ለጎን ሊሰሙ ይገባል። አንዱን ብቻ ማሰማት ለአንዱ ወገን ምእመን ብቻ ማስተማር ነው። የሟቾች ቁጥር በተለያዩ ጽሑፎች የተለያየ ነው፤ ተናጋሪው ለስሜቱ የሚስማማውን ቁጥር መርጦ አይያዝ። ልዩነቱን ይንገር፤ የጉዳቱን ታላቅነት ግን ቁጥር ስለ ተለያየ አያቅልል።

በዚህ ንግግር ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይጠብቀናል። አንደኛው «ያለፈውን መቀስቀስ ምን ያደርጋል» ብሎ መሸፈን ነው፤ ይህ ሰላም ይመስላል፤ ነገር ግን የተጎዳው ሰው ሐዘኑ ዋጋ እንደሌለው ይሰማዋል። ሁለተኛው የዛሬውን ጎረቤት በቅድመ አያቱ ሥራ መክሰስ ነው። ሕዝቅኤል ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም ያስተማረው (ሕዝ. 18፡20) ለዚህ ነው። ከዘማቹ ሠራዊት ጋር ከመጡት መካከል የጅማው አባ ጅፋር ሰዎችም ነበሩበት፤ ስለዚህ ነገሩን ሁሉ የአንድ ብሔር በሌላ ብሔር ላይ የተደረገ ዘመቻ አድርጎ ማቅረብ ከታሪኩም ጋር አይስማማም። ከዚያ በኋላ የመጣው የገባር ሥርዓት፥ የገበሬው ጉልበትና ምርት ለባለ ሥልጣኑና ለወታደሩ የተመደበበት ኑሮ፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ መልኩን እየለዋወጠ ቆይቷል። ገባር የነበሩትን አባቶች የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬም በመካከላችን አሉ። ዕድሜያቸው ግን አይጠብቀንም።

የራሳችንም ገመና

ስለ ተደረገብን ብቻ ብንናገር ግማሹን ታሪክ ነው የተናገርነው። በካዎዎቹ ዘመንም በወላይታ ባሪያ ነበረ፤ ይሸጥ ይለወጥም ነበር። በአዋጅ የባርነት ሕጋዊነት ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ከተሻረ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ነገር ግን የሠርግ ወሬ ሲነሣ «የማን ዘር ነው?» የሚለው ሹክሹክታ አልቀረም። ሸክላ የሚሠሩትን ቺናሻዎችን፥ ቆዳ የሚያለፉትን ደጌላዎችን በጋብቻም በማዕድም የማራቅ ልማድ ደግሞ በክርስቲያን ቤት ውስጥ ጭምር ሲሠራበት ኖሯል። የምንጠጣበትን ጀበና የሠራችውን እጅ ንቀን ከዚያው ጀበና ቡና እንጠጣለን።

ይህ ርእስ በታሪክ ንግግር ይነሣ ወይስ አይነሣ የሚል ክርክር ሊኖር ይችላል። እኛ ይነሣ እንላለን፤ ሆኖም በማንም ቤተሰብ ስም አይነሣ። ልማዱ፥ ምክንያቱ፥ ያስከተለው ጉዳት ይነገር። የማንም ዘር በአዳራሽ አይቆጠር። ከሸክላ ሠሪዎች ወገን የሆነ ሰው ራሱ ፈቅዶ ስለ ሙያው ቢናገር ግን ከማንኛውም ምሁር ንግግር ይበልጣል፤ አፈሩን ከየት እንደሚያመጡ፥ እንዴት እንደሚያቦኩ፥ እንዴት እንደሚተኩሱ ሲተርክ የሰማ ሕዝብ ንቀቱን ይዞ መውጣት ይከብደዋል።

ስለ ስምና ስለ ቋንቋ

በአሮጌ መጻሕፍት፥ በሚስዮናውያን ደብዳቤም ሳይቀር፥ ሕዝቡ «ወላሞ» ተብሎ ተጽፎ እናገኘዋለን። ይህ ስም በሕዝቡ ዘንድ የንቀት ስም ሆኖ የሚቆጠር በመሆኑ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ቀርቷል። ተናጋሪው ሰነድ ሲያነብ ቃሉ ቢያጋጥመው፥ አስቀድሞ ለአድማጩ ገልጾ አንድ ጊዜ ያንብበው እንጂ ደጋግሞ አይጥራው።

ስምና ቋንቋ ቀላል ነገር እንዳልሆነ በዐይናችን አይተናል። የወላይታን፥ የጋሞን፥ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በማቀላቀል «ወጋጎዳ» በተባለ አዲስ ቋንቋ የተዘጋጁ የመማሪያ መጻሕፍት ወደ ትምህርት ቤቶች ሲገቡ፥ በ1992 ዓ.ም. በሶዶ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎችም ታሰሩ። መጻሕፍቱ ተመለሱ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ተለይቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ዛሬ ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። እነዚህን ነገሮች በሕይወት ያሉ ሰዎች ስለሚያውቋቸው ለቅርብ ዘመን ታሪክ ንግግር ይመቻሉ፤ በዚያው ልክ ደግሞ ቁስላቸው ገና ትኩስ ነው። የንግግሩ ቋንቋ በገጠር ቁምስናዎች ወላይትኛ ይሁን፤ በከተማ አማርኛ ብቻ የሚሰማ ካለ አጠገቡ የሚተረጉምለት ሰው ይቀመጥ። ሽማግሌ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲተርክና በአማርኛ ሲተርክ የሚናገረው ነገር አንድ አይደለም።

ስለ ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በሐዋሳና በሌሎችም ቦታዎች በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል በተነሣው ግጭት ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። የሲዳማ፥ የጋሞ፥ የዳውሮ፥ የከምባታ ሕዝብ ታሪክ ከነዚያው ሕዝቦች በተወለደ ሰው አንደበት በቁምስናችን ሲነገር መስማት፥ ስለ እነርሱ እኛው ለእኛው ከመናገር የተለየ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ

ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በዚህ ምድር የቆየችበት ዘመን ረጅም አይደለም። የሆሳዕና ሐዋርያዊ ፕሬፌክቱራ በ1932 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1975 ዓ.ም. የሶዶ-ሆሳዕና ሐዋርያዊ ቪካሪያት ሆነ፥ የመጀመሪያው ቪካሩም ካፑቺኑ አቡነ ዶሜኒኮ ማሪኖዚ ነበሩ። በ2002 ዓ.ም. ሆሳዕና ራሱን ሲችል የሶዶ ሐዋርያዊ ቪካሪያት ዛሬ ያለውን ስም ያዘ። ከዚያ ቀደም ብሎ ካፑቺኑ አቡነ ማስያስ እ.ኤ.አ. ከ1846 ጀምሮ በደቡብና በምዕራብ የአገራችን ክፍል ስለ ሠሩት ሥራ በዐሥራ ሁለት ቅጽ ጽፈዋል። የሚስዮናውያን ጽሑፍ ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን እንደ ቫንደርሄይም ጽሑፍ ሁሉ የጸሐፊው ዐይን አለበት። የዱቦ ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት እንዴት እንደ ተጀመሩ የሚተርክ ንግግር ስለ ሚስዮናውያን አባቶችና ደናግል ብቻ ቢያወራ ጎደሎ ይሆናል። ድንጋይ ተሸክመው ያመጡት፥ ከመንደር መንደር እየዞሩ ያስተማሩት፥ ሕመምተኛ በቃሬዛ ያደረሱት የአገሬው ሰዎችስ የት ይገቡ?

ስለ ሌሎች ክርስቲያኖችም በፍትሕ እንናገር። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ክርስቲያኖች አንድነት ባወጣው ድንጋጌ፥ ታሪክ የተለዩ ወንድሞችን በሚያከብር መንፈስ እንዲስተማር አሳስቧል። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት በዚህ ምድር ከእኛ እጅግ ይቀድማል። ወንጌላውያን ሚስዮናውያን ከዶክተር ቶማስ ላምቢ ጋር ወደ ሶዶ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የውጭ ሰዎቹ ሲወጡ እምነቱን ያስፋፉት የወላይታ ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። ይህን በእኛ አዳራሽ፥ በእነርሱ ሽማግሌ አንደበት ብንሰማ ምን እናጣለን? አንዳንድ ምእመናን ይህን ሲሰሙ ይከፋቸዋል፤ እኛ ግን የሌላውን መልካም ሥራ መስማት የማይችል እምነት ጠንካራ እምነት አይመስለንም።

ስለ አዘገጃጀቱ

ንግግሩ ያለ ክፍያ ይሁን ስንል መግቢያ አይከፈልም ማለት ብቻ አይደለም። በዚያ ቀን ሙዳየ ምጽዋት አይዙር፥ ሎተሪ አይሸጥ፥ የማንም ፓርቲ ወይም ድርጅት ወረቀት በር ላይ አይታደል። በነጻ የተቀበልነውን በነጻ እንድንሰጥ ጌታችን አዝዞናል (ማቴ. 10፡8)። ለተናጋሪው የመንገዱን ወጪ ከሰጠንና ቡና ካፈላንለት በቂ ነው። ጸሎት በመጀመሪያና በመጨረሻ ይደረግ፤ እምነቱ ሌላ የሆነ እንግዳ ግን አይገደድ። ንግግሩ ከአርባ ደቂቃ አይብለጥ፤ ለጥያቄ የሚሰጠው ጊዜ ከዚያ አይነስ። በልምድ ስናየው ጉባኤ የሚበላሸው በጥያቄ ብዛት ሳይሆን በንግግር ርዝመት ነው።

ሽማግሌን መጠየቅ ሙያ ይጠይቃል። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1649 ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በሮም፥ በቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ገዳም የአምሐራውን ካህን አባ ጎርጎርዮስን አገኘ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ወደ ጎታ አስጠራው። ለብዙ ጊዜ ተቀምጦ ጠየቀው፤ አባ ጎርጎርዮስም በቃል የሚያውቀውን ነገረው። እ.ኤ.አ. በ1681 የታተመው የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ በአብዛኛው ከዚህ ጭውውት የተገኘ ነው። ሉዶልፍ የነገረውን ሰው ስም አልደበቀም፤ አባ ጎርጎርዮስም የማያውቀውን አላውቅም ማለትን አልፈራም ይባልለታል። አንዱ ካቶሊካዊ ቤት ያረፈ ኢትዮጵያዊ፥ ሌላው ሉተራዊ ነበሩ፤ ሥራውን አብረው ሠሩ።

እኛም እንደዚያው እናድርግ። ከንግግሩ በፊት አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ወደ አረጋዊው ቤት ሄዶ ይጠይቃቸው፦ አባቴ፥ ይህን እርስዎ አይተውት ነው ወይስ ሰምተውት? ከማን ሰሙት? ከጣሊያን መምጣት በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከ1977ቱ ረሃብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ዓመት የማያስታውሱ አረጋውያን እንዲህ ባለ መለኪያ ጊዜውን በትክክል ያመለክታሉ። ፈቃዳቸው ከሆነ ቃላቸው በስልክ ይቀዳ፤ ቅጂው ከነስማቸው፥ ከነቀኑና ከነቦታው በቁምስናው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። በጥምቀትና በጋብቻ መዝገብ ጥንቃቄ የለመደ ጽሕፈት ቤት ይህን አያቅተውም። እናቶችን አንርሳ። በሽማግሌ ጉባኤ ሴቶች እምብዛም ስለማይናገሩ ታሪካቸው ከእነርሱ ጋር ይቀበራል፤ ስለ እንሰት አተካከልና አፋፋቅ፥ ስለ ወሊድ፥ ስለ ረሃብ ዘመን ልጆችን ስለ ማትረፍ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በአዳራሽ ለመናገር የሚያፍሩ ከሆነ እኅቶች በቤታቸው ይጠይቋቸው።

ቁጣ ሲነሣስ? ይነሣል፤ ባይነሣ ይሻል ነበር ብለንም አንመኝም። መሪው ማንም ማንንም በዘሩ እንዳይሰድብ ይከላከል፤ ከዚያ ውጭ ግን ዳኛ ሆኖ ማን ትክክል እንደ ሆነ አይፍረድ። ሁለቱም ወገን የሚሉት ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ማስረጃ ይዘው እንዲመጡ ይጠየቁ። አንድ ጥያቄ ከአንድ ንግግር ወደ ሌላው ቢሻገር ሰዎች ተመልሰው እንዲመጡ ያደርጋቸዋል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ዘዳግም 32፡7ንና ሉቃስ 1፡1-4ን አብራችሁ አንብቡ፤ ሙሴ ጠይቁ ያለውንና ሉቃስ መረመርሁ ያለውን በእናንተ ቁምስና ማን ሊሠራው ይችላል? በአካባቢያችሁ ልጆች ትርጉሙን የማያውቁት ካብ፥ ዋሻ፥ መቃብር ወይም የአሮጌ ቤት ፍራሽ የትኛው ነው? ስለ 1887ቱ ጦርነት በቤታችሁ የሰማችሁትን፥ ከእናንተ የተለየ ነገር የሰማ ምእመን ባለበት ለመናገር ምን ያስፈራችኋል? ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው የቁምስናችሁ አረጋውያን ስንት ናቸው? ከእነርሱስ መካከል እስከ መጪው ጊፋታ ድረስ ቀድማችሁ የምትጠይቋቸው እነማን ናቸው?